እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳየው?

አገርን ዞሮ ማየት ከትምህርት የሚቈጠር ነገር ነው። መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሌላውን ዓይን ተውሶ ያያል፤ አገር የዞረ ሰው ግን በገዛ ዓይኑ ያያል። እንዲህ ከሆነ፣ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ሰው አልጋና ምግብ ሻጭ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። እንግዳው ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለዚያ አገር ምን ብሎ እንደሚያወራ የሚወስነው እርሱ ነውና ከአስተማሪ ወገን ልንቈጥረው ይገባል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት አለ። በአገራችን ባለፉት ጥቂት ዓመታት መናፈሻውና የመዝናኛ ሆቴሉ በዝቷል። የአንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የእንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ተከተለ። ገበታ ለአገር በተባለው ሥራም ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ተራቸውን አገኙ። ነገ ደግሞ በየወረዳው የሚቀርበውን የሆቴል ዕቅድ ተቀብለው የሚመረምሩት፣ መሬቱን የሚለኩትና ፊርማቸውን የሚያኖሩት ዛሬ በትምህርት ቤት ያሉት ወይም እንደኛ ከትምህርት ቤት በቅርቡ ወጥተው በቢሮ የተቀመጡት ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ መዝናኛን እንደ ቀልድ ነገር ማለፍ አይገባም።

ሁለመናው በአንድ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ሆቴል በመዝናኛ ስፍራ አጠገብ መሥራት በዓለም የታወቀው በአሜሪካን አገር ነው። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1955 በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድን ሲከፍት ገንዘቡ በፓርኩ ሥራ ስላለቀበት አጠገቡ የቆመውን ሆቴል የሠራለት ሌላ ባለሀብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በፍሎሪዳ ሁለተኛውን ፓርክ የከፈተው ኩባንያ ግን ትምህርቱን አግኝቶ ስለነበረ ሆቴሎቹን ከፓርኩ ጋር አንድ ላይ ሠራ። አንዱ ሆቴል ባቡር በመካከሉ የሚያልፍበት የመጪው ዘመን ቤት ሆነ፤ ሁለተኛው የፓስፊክ ደሴቶች መንደር ሆነ። የአሠራሩ ምስጢር ቀላል ነው። ፓርኩን ብቻ አይቶ የሚሄድ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሳል፤ በምሽት የሚበላው፣ የሚተኛበት አልጋና የአስተናጋጁ ልብስ ያንኑ ታሪክ ከቀጠሉለት ግን ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል። አንድ ሌሊት በተጨመረ ቍጥር ገንዘቡም ይጨመራል።

ከእነዚህ ሆቴሎች ውስጥ እኛን ያስገረመን እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው በፍሎሪዳ የተከፈተው ነው። እንግዳው በጧት ተነሥቶ የክፍሉን በረንዳ ሲከፍት ከፊት ለፊቱ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሲግጡ ያያል። ጣራው የሣር ክዳን መልክ አለው፤ ከምግብ ቤቶቹ አንዱም ጂኮ የተባለ የስዋሂሊ ስም ተሰጥቶታል። ባጭሩ አፍሪካ በፍሎሪዳ ተሠርታ ትሸጣለች፤ ገዢም ሞልቷል። ይህን ስንሰማ መቈጣት አይገባንም። የሌላውን አገር ታሪክ ይህን ያህል ደክመው ከሠሩት፣ ታሪኩ በደጃችን ያለው እኛ ምን ያህል መድከም ነበረብን? ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይሻላል።

በአገራችንም ጅምር አልጠፋም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሒልተን ሆቴል የመዋኛ ገንዳውን በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የመስቀል ቅርጽ አስቈፍሮ በፍል ውኃ ሞላው። በቢሾፍቱም ኩሪፍቱ በሐይቁ ዳር ማረፊያ ከሠራ በኋላ የውኃ ሸርተቴና መዋኛ ያለበትን ፓርክ ጨመረ። ከከተማ በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የሚውልበት ስፍራ መገኘቱ የሚያስመሰግን ነው። ያው ድርጅት በቡራዩ ደግሞ በአፍሪካ አገሮች ስም ቤቶች እየለየ የአፍሪካ መንደር አቁሟል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሸርተቴ በቢሾፍቱም ሸርተቴ ነው፤ በዱባይም ሸርተቴ ነው። ልጆችን ያስደስታል፤ ስለ ቢሾፍቱ ግን ምንም አይናገርም። ሸርተቴን ከእኛ አብልጠው የሚሠሩ አሉና፣ በእርሱ ብቻ ተወዳድረን የትም አንደርስም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለምን?

ስሙን የማንጠቅሰው አንድ የመዝናኛ ሆቴል ባለፈው ዓመት ከጓደኞቻችን ጋር ሄደን ነበር። ሁሉም ነገር የተወለወለ ነው። የዘንባባው ዛፍ ከሌላ ስፍራ መጥቶ የተተከለ፣ ሙዚቃው የሌላ አገር፣ የምግቡ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነው። አመሻሹ ላይ በአጥሩ በኩል ስንዘዋወር በዕድሜ እኩያችን የሆነ አንድ ዘበኛ አገኘንና ወግ ጀመርን። የተወለደው በዚያው መሬት ላይ ኖሯል። «አባቴ የሚያርሰው እዚያ ሰዎቹ በሚዋኙበት በኩል ነበር» አለና በእጁ አሳየን። ገብቶ ዋኝቶ ያውቅ እንደሆነ ብንጠይቀው ሣቀ። የመግቢያው ዋጋ ከብዙ ቀን ደመወዙ የሚበልጥ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መዋኛው መመለሱ ከበደን። የዚያን ስፍራ ታሪክ የሚያውቀው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ በአጥሩ ውስጥ ግን ምንም ታሪክ የለም።

ከዚህ የተለየውን ምሳሌ ለማየት ወደ አንኮበር መውጣት ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበራቸው ኮረብታ ላይ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ሎጅን ሲሠሩ ታሪኩን ከሌላ አላመጡም፤ በቦታው ያገኙትን አነሡ። ሸርተቴም የለበት፤ የሚያጫውት መኪናም የለበት። እንግዳው ኮረብታውን በእግሩ ይወጣል፤ ብርዱን ይቀምሳል፤ ከላይ ሆኖም የይፋትን ቆላ ቁልቁል ያያል። በትግራይም ሐውዜን አጠገብ ያለው የገራልታ ሎጅ በአካባቢው ድንጋይና በአካባቢው የቤት አሠራር ታንጿል። እነዚህ ቤቶች ከመሬታቸው ቢነቀሉ ትርጕም አይኖራቸውም። ለእኛ የጥሩ ሆቴል መለኪያው ይኸው ነው።

ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ያየነውን ቆላ በእግርና በአውቶቡስ ለመጎብኘት የሄድነው ካራቆሬ ለማደር ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሁለት አገር ያያል። ላይ ጋቢ የደረበው መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። ከዚያ ማሾውንና ማሽላውን፣ የማንጎውንም ዛፍ በግራና በቀኝ እያየ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ካራቆሬ ይገባል። የደሴ መንገደኛ ግን ካራቆሬን የሚያውቃት በእንቅልፉ ነው። ሹፌሩ ቢያቆም እንኳ ውኃ ይገዛል፤ ይሄዳል።

እኛ ግን አደርን። በአንዲት ሻይ ቤት አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀምጠው ከየት እንደ መጣን ጠየቁን። ከአዲስ አበባ መሆናችንን ስንነግራቸው «ልጆቼ፣ እዚህ ምን ልታዩ መጣችሁ? እዚህ የሚታይ ምን አለ?» አሉን። ጥቂት ቆይተው ግን መሬት የተንቀጠቀጠበትን ዘመን በልጅነታቸው እንዳዩት ማውራት ጀመሩ። ሰው ቤቱን ትቶ ሜዳ ላይ ማደሩን፣ ከብቱ መጮኹን፣ ከተራራው ድንጋይ መውረዱን ሲነግሩን ሻያችን ቀዘቀዘ። የሚታይ ነገር የለም ያሉት ሽማግሌ በዓለም ሊቃውንት መጻሕፍት የተመዘገበ ታሪክ በቃላቸው ይዘው ኖረዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል ማለት ይህ ነው።

የተናገሩት ነገር እውነት ነው። ከግንቦት 1953 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የካራቆሬ አገር በተከታታይ ተንቀጠቀጠ። ትልቁ መንቀጥቀጥ በመለኪያው ከ6 በላይ ነበረ። ጎረቤቷ ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ ወደ ደሴና አሥመራ የሚወስደው መንገድም ተጐዳ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪና መሪው አባ ፒየር ጉዋን ነገሩን መረመሩት፤ ካራቆሬ የሚለው ስምም በመሬት ሳይንስ መጻሕፍት ገባ። ምክንያቱም ደጋው ከቆላው የሚለያይበት ይህ አፋፍ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፤ ምድር ቀስ በቀስ የምትሰነጠቅበት ስፍራ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዱለቻ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ሲያስነሣ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን አይተናል።

በዚህ ስፍራ ሆቴል ቢሠራ ታሪኩ ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል? አንድ ክፍል ለመንቀጥቀጡ ይሰጥ፤ መለኪያ መሣሪያው ይቀመጥ፤ የዚያን ዘመን ሰዎች ትዝታ በድምፃቸው ይቀዳ። እነዚያ ሽማግሌዎች እየተለዩን ናቸውና ይህ ሥራ ሆቴሉን መጠበቅ የለበትም። ቤቱ ራሱ ደግሞ ትምህርት ይሁን። በጭቃ የተያያዘ ከባድ የድንጋይ ግድግዳ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ይናዳል፤ በእንጨት የተዋቀረ ቀላል ቤት ግን ይወዛወዛል እንጂ በቀላሉ አይወድቅም። ብረቱና ሲሚንቶውም በሕጉ መሠረት ከተሠራ ይቋቋማል። እንግዳው በሰላም የተኛበትን ቤት አሠራር ጧት ሲያስረዱት ይማራል፤ የአካባቢው ግንበኛም ከሥራው ጋር ሙያውን ይማራል።

ከዚህም በላይ አለ። በሸዋ ሮቢት አካባቢ በነኖራና አስበሪ ከ13ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በይፋት የነገሡት የወላስማ ሱልጣኖች ዘመን የመስጊድና የከተማ ፍርስራሽ አለ። በከሚሴ በኩል የአርጎባ ሰዎች በኮረብታ ላይ በድንጋይ የሠሩት የሾንኬ መንደር አለ። በየእሑዱ በሰንበቴ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ይገናኛሉ፤ በማግሥቱ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ይቆማል። ቅዳሜ ካራቆሬ ያደረ እንግዳ ሦስት ቀን የሚያቆየው ነገር አለው ማለት ነው። ፓርክ ያልተሠራለት አገር እንጂ የሚታይ የጠፋበት አገር አይደለም።

ሆኖም ነገሩን ማቅለል አይገባም። ይህ መንገድ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ብቻ የሚሰማበት አልነበረም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች፤ ሰው ሞቷል፤ ሰው ተሰድዷል። ሰላም በሌለበት እንግዳ አይመጣም፤ ቢመጣም አያድርም። ደግሞም ጎረቤታሞች በአንድ ገበያ ሲገበያዩ እያየን፣ የሆቴሉ ጥቅም ለአንዱ ብቻ ቢደርስና ሌላው በአጥር ቢከለል፣ ለጠብ ሌላ ምክንያት እናበጃለን። ገበያውም ቢሆን ትርዒት አይደለም። ግመሉን ሊሸጥ የመጣ ሰው ነጋዴ ነው፤ ሳይጠየቅ ፎቶግራፍ የሚነሣ የፍሎሪዳ ቀጭኔ አይደለም። እንግዳው ገዝቶና ሰላም ብሎ ይለፍ፤ የሚመራውም የአገሩ ልጅ ይሁን።

እንግዲህ፣ በቢሮ ያለህ ወንድማችን፣ በቢሮ ያለሽ እኅታችን፣ የሆቴል ዕቅድ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ በሥዕሉ ማማር አትደለሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ቤት ከዚህ መሬት ቢነቀል ሌላ ስፍራ ሊተከል ይችላልን? የሚችል ከሆነ ታሪኩ የተዋሰው ነው። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ልጅ በዚህ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? ዘበኛ ብቻ ከሆነ ዕቅዱ ይመለስ፤ ምግብ አብሳይ፣ አስጎብኚ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ባለ አክሲዮን የሚሆንበት መንገድ ይጻፍ። ግድግዳው በ1953 የታየው ቢደገም ይቆማልን? ይህን መሐንዲሱ በፊርማው ያረጋግጥ።

በየቤታችን እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት ተበድረን የማናውቀውን ምግብ አናቀርብም። ቤት ያፈራውን እንቀምስ ብለን እናስቀምጠዋለን፤ እንግዳውም የሚያመሰግነን በዚያው ነው። ካራቆሬም ያፈራችው አላት። እኛም ተሰናብተን ስንነሣ ለሽማግሌው «አባባ፣ ያየነው ብዙ ነው» ብለናቸዋል። ያመኑን አይመስለንም። የሚያምኑት የልጅ ልጃቸው በዚያች ከተማ ለእንግዳ ያንኑ ታሪክ ሲተርክ፣ ደመወዝም ሲያገኝበት ያዩ ቀን ነው።