ሳይቃጠል በቅጠል

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ፣ ወደ አንጋጫና ወደ ዶዮገና ዳገት ቁልቁለቱን ከሚመላለሱት መኪኖች ብዙዎቹ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። ሞተሩ ሲግልና ውኃ ሲጥል «ጓርኒሲዮን ተቃጠለ» ይባላል፤ የሞተሩ የላይኛው ክዳን የሆነው ቴስታታ ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ከሞተሩ ብሎክ ጋር የሚያሽገው አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶለት ይታሰራል። በዚህ መሀል በቀላሉ የሚዘለለው ሥራ ቴስታታው አለመጣመሙን መለካት ነው። ያልተለካ ቴስታታ ገጥሞ መኪና ማስረከብ ብልሽቱን ቀጠሮ ሰጥቶ መሸኘት ስለሆነ፣ ይህ ልማድ ከከተሞቻችን ሊወገድ ይገባዋል።

ጉዳዩ ለደጋ ከተማ ይበልጥ ይከብዳል። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በክፍት ድስት የተጣደ ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች የዘወትር ሙቀት ደግሞ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ግፊቱን ይዞ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ ዳገት ላይ ውኃው ይፈላል፣ ቴስታታው ይግላል። እንደ ዲኤክስ ባሉ አሮጌ ቶዮታዎች ቴስታታው አልሙኒየም፣ ብሎኩ ብረት ነው። አልሙኒየም በሙቀት የሚሰፋው የብረቱን እጥፍ ያህል በመሆኑ፣ በቡሎን ተይዞ መላወሻ ሲያጣ ይጣመማል። በጠማማ ቴስታታ ሥር የገባ አዲስ ጓርኒሲዮን ዕጣው እንደ ቀድሞው ነው።

መጣመሙ በዓይን አይታይም። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ልዩነት ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ወይም የሁለት ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። መለኪያው ፍጹም ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ቅጠል የሚመስሉ ስስ የክፍተት መለኪያዎች ናቸው። ማስመሪያውን በርዝመቱ፣ በወርዱና ከጥግ እስከ ጥግ አጋድሞ የትኛው ቅጠል ከሥሩ እንደሚገባ ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቫልቮቹንም መፈተን ይቻላል፦ ቴስታታውን ገልብጦ ማቃጠያ ክፍሎቹ ላይ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ፤ በቫልቩ ዙሪያ ሾልኮ ካንጠባጠበ ቫልቩ አልገጠመም ማለት ነው። እጥበቱም ልክ አለው። ግራይንደር አልሙኒየሙን ይቦረቡረዋል፣ ኮስቲክ ሶዳም ይበላዋል፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ የነበረ ቴስታታ በጽዳት ምክንያት ሊበላሽ ይችላል።

ልምድ ያለው መካኒክ በጣቱ ዳስሶ ያውቃል የሚሉ አሉ። የሞተርን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ለመለየት ልምድን የሚያህል የለም፤ የፀጉር ውፍረትን ግን ጣት ቆጥሮ አይናገርም። ሌሎች ወጪውን ያነሣሉ፤ የዕለት ገቢው ከመሪው ላይ የሆነ ሾፌር ጠማማውን ቴስታታ በማሽን ልጎ ለማስተካከል ከየት ይከፍላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና መለካቱ ከጊዜ በቀር ብዙ አያስወጣም፤ ልኩ ደኅና ከሆነም ማስላግ አያስፈልግም። እንዲያውም ያለ ምክንያት የተላገ ቴስታታ ይሳሳል፣ ኮምፕሬሽኑም ይዛባል። ሾፌሩን የሚያከስረው ሁለተኛው ጓርኒሲዮን፣ ሁለተኛው የእጅ ዋጋና ዳግመኛ ቆሞ የሚውልበት ቀን ነው። የአሮጌ መኪና ዘመን አልፏል የሚለው መከራከሪያም አያስኬድም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ አስቀድመው የገቡት መሥራታቸውን አላቆሙም፤ ተተኪ ሲጠፋ ጭራሽ ረዘም ላለ ጊዜ ማገልገል ግድ ይሆንባቸዋል።

ስለዚህ ቴስታታ የሚያወርድ ጋራዥ ሁሉ ያገኘውን ልክ በደረሰኙ ላይ በቁጥር ይጻፍ። እንደ ሆሳዕና ፖሊ ቴክኒክ ያሉ ኮሌጆች ሠልጣኙን ሲመዝኑ ቡሎን ከመሀል ወደ ዳር በየደረጃው ማጥበቁን ብቻ ሳይሆን፣ ለክቶ መጻፉንም ይመልከቱ። ባለንብረቱም ሞተሩ ተነሣ ወይ ከማለቱ በፊት ልኩ ስንት እንደሆነ ይጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት የተነገረው ለእሳት ነው፤ ለጓርኒሲዮኑም የሚደርስለት ቅጠል አለ፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ ይውጣ።