ዞምቢው ተመለሰ፣ ወረፋውስ?

በልጅነቴ ክረምት ላይ ከመካነ ብርሃን ጎንደር አክስቴ ጋ ስመጣ፣ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ገብተን ዞምቢ እንገድል ነበር። የሴጋው "ዘ ሀውስ ኦፍ ዘ ዴድ" መጀመሪያ ሳንቲም በሚጎርስ ማሽን ላይ በፕላስቲክ ሽጉጥ ነበር የሚጫወቱት። እኛ ጋ የደረሰው የኮምፒውተሩ ስለነበር በማውስ ተኮስን። አንዱ ይተኩሳል፣ ስምንታችን ከኋላው "በግራህ! በግራህ!" እንላለን። የአክስቴ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኩስና ከሁላችን በላይ ይገድላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ጨዋታው ታድሶ በኒንቴንዶ ስዊች ወጣ። ደስ አለኝ፤ ዋጋውን በብር እስካሰላው ድረስ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ስሌቱን ተዉት።

ወላጆቻችን "የዱርዬ ቤት" የሚሉት ጌም ቤት አንድን ውድ ዕቃ ለሰፈር ልጅ ሁሉ በሳንቲም ያካፍል ነበር። ኢኮኖሚክስ ብማርም ከዚያ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ዛሬ ፒያሳ ላይ አንድ ሰው ስዊች ገዝቶ በዙር ቢያጫውት፣ ቀድሜ ወረፋ የምይዘው እኔ ነኝ።