በልደታ ዕለት የተከበረ ልደት

ስለ ልጆች የልደት በዓል አንድ ነገር እንድንጽፍ የጠየቁን ወላጆች ብዙ ናቸው። ኬክ መቁረስና ሻማ ማብራት ይገባልን ወይስ አይገባም? የሚል ነው ጥያቄያቸው። እኛ ኬክን አንነቅፍም። ስለዚህ ክርክሩን ትተን ያየነውን አንድ ቀን ብንተርክላችሁ መረጥን።

በ2013 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን እሑድ ውሎ፥ የልደታ ለማርያም በዓል ከዳግም ትንሣኤ ጋር ተገናኝቶ ነበር። ብቸና የሚኖሩ ወዳጆቻችን በልደታ ዕለት የተወለደች ልጅ አለቻቸው፤ ያን ጊዜ 12 ዓመት ልትሞላ ነው። ልጅቷ እንደ ጓደኞችዋ በቤትዋ ኬክ እንዲቆረስላት ለምና ነበር። አባትዋ ግን «ሞጣ አያትሽ ዘንድ እንሄዳለን» ቢል አኰረፈች። ሁለት ጓደኞችዋ አብረው እንዲሄዱ ከተፈቀደ በኋላ ኩርፊያው በረደ፤ እኛም ቅዳሜ ጧት አብረን ተሳፈርን።

በመንገድ ላይ አባትየው ስለ ዲማ ጊዮርጊስ ለልጆቹ አወጋቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ መሆኑን፥ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ዲማ ዋና የታሪኩ ስፍራ መሆኑን ነገራቸው። ልጆቹ ሰብለን የሚያውቋት ከወጋየሁ ንጋቱ የራዲዮ ትረካ ነበርና «እንግዲያው አገሯ እዚህ ቅርብ ነውን?» ብለው ተደነቁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ ገባን።

በማግሥቱ፥ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት ካስተከለችው ከሞጣ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ስንመለስ፥ ጎረቤቱ ሁሉ ከዛፉ ሥር ተሰብስቦ አገኘነው። ስንዴው፥ ባቄላውና ሽምብራው ከየቤቱ ተዋጥቶ በአንድ ጋን ተቀቅሏል። ቅድስት ሐናና ኢያቄም እመቤታችንን በሊባኖስ ተራራ፥ ከቤታቸው ርቀው ወልደዋታልና በዓሉ ከደጅ ይውላል። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በታች አይወርድም፥ ከሚያዝያ 30 በላይም አይወጣም፤ እንግዲህ ግንቦት ልደታ ምንጊዜም ጾም በሌለበት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ትውላለች። ሆኖም ሕዝባችን ቅቤና ሥጋ ተፈቅዶለት ሳለ በዕለቱ የሚመርጠው የተራራውን ምግብ፥ ንፍሮን ነው።

አንዲት ሴት ቅቤ ይዛ የዛፉን ግንድ ልትቀባ ተነሣች። ይህ ልማድ በብዙ ስፍራ ከበዓሉ ጋር ተቀላቅሏል፤ ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም። በዚያ የነበሩት ቄስ ግን አልተቆጡም። «የኔ እመቤት፥ ዛፉ ራስ ምታት የለበትም፤ ለነዚህ ከመንገድ ለመጡት ልጆች አናት አድርጊላቸው» አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሦስቱም ልጆች ተቀቡ።

ከዚያም አንድ የቅኔ ተማሪ ተነሥቶ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና አሰማ። ሰሙ ደርቃ የከረመች ምድር በጸደይ ዝናብ ማብቀልዋ፥ ወርቁ ሐና ከመካንነት በኋላ መውለድዋ ነበር። ልጅቷ ደብተርዋን አውጥታ ጻፍልኝ አለችው። ተማሪው ጥቂት አመነታ፤ የዕለት ቅኔ ለዕለቱ ተነግሮ የሚቀር ነውና። ኋላ ግን ጻፈላት።

ወደ ማታ ልጅቷ አያትዋን «እምዬ፥ የእርስዎስ ልደት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ፥ ማን ጽፎት! ዓመቱንም ቀኑንም አላውቀው። እናቴ የነገረችኝ የሐምሌ ገብርኤል ማግሥት ክርስትና መነሣቴን ብቻ ነው።»

ልጅቷ ዝም ብላ ቆየች። «ሴት ልጅ በ80 ቀንዋ አይደለም ክርስትና የምትነሣው?» አለችና ከቅኔው ሥር ትጽፍ ጀመር፤ ሐምሌ 20፥ ሰኔ 30፥ ግንቦት 30። ደመረችው።

«እምዬ፥ ግንቦት አንድ ነው» አለች።

አሮጊቷ የያዙትን ንፍሮ አስቀመጡ። «እስቲ ድገሚው» አሉ። እርስዋም ሦስቱን ወሮች አንድ በአንድ እየጠራች በጣታቸው ላይ ቈጠረችላቸው።