ለብርድ ሌሊት አንድ ማንቆርቆሪያ ጦስኝ

ለእኛ ለደገኞች ብርድ የሚባለው ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚመጣው ነው። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ማታ ሰማዩን የሚሸፍን ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሁሉ ለቅቆ ያድራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት ጋቢ ያስደርባል፣ ሕፃን ያስላል፣ የአረጋዊ ጉልበት ያስቆረጥማል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አጥንቱ ዘንድሮ የሚቀመስ ስላልሆነ ግን ስለሚፈላው ነገር እናውራ።

ሆቴል ቤት ብዙ ነገር ተደባልቆ ሲቀርብ ኮክቴል ይሉታል። ቡናና ሻይ ስንቀላቅል ስፕሪስ የምንል ሰዎች ለቅልቅል እንግዳ አይደለንም። የእኔ የማታ ቅልቅል ይህ ነው፦ ለ5 ብርጭቆ ውኃ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል በሙቀጫ ደቆስ አድርጌ፣ ጣት የምታህል ቀረፋ፣ 4 ፍሬ ቅርንፉድና 3 ፍሬ ሄል ጨምሬ፣ ከድኜ አፈላለሁ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቅመሙ ጊዜ ይፈልጋል፤ 15 ደቂቃ አትንፈጉት።

ጦስኙ አብሮ አይፈላም። ብዙ ቤት ሳይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። የጦስኝ ጉልበቱ በሽታው ውስጥ ነው፤ ሽታው ደግሞ በእንፋሎት የሚበር ዘይት ነው። ሲንተከተክ ወጥ ቤቱ ያውዳል፣ ብርጭቆው ባዶ ይቀራል። ማንቆርቆሪያው ከእሳት ከወረደ በኋላ በሦስት ጣት ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩና ለ5 ደቂቃ ክደኑት። ከዚያ አጥሉት። ሎሚ የሚወድ ሎሚ፣ ማር የሚወድ ማር፤ ማሩን ግን ለመጠጣት በረድ ሲል ነው።

ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው፤ ውርጭ በሚመታው ከፍተኛ ቦታ መሬት ለመሬት ተንሰራፍቶ ይበቅላል። ከሰሜን ሸዋ እስከ ባሌ ተራሮች ድረስ አለ። ስትገዙ በመዳፋችሁ አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት። አፍንጫ ካልመታ የከረመ ነው፤ ሻጯ ምንም ብትል ተዉት። አረንጓዴነቱ የቀረ፣ ግንዱ የበዛ፣ አፈር ያለውም አይበጅም።

አሁን ወደ ክርክሩ። የመጀመሪያው ክርክር አንድ መለኪያ አረቄ ጠብ ይደረግበት የሚለው የአባወራዎቹ ነው። መጠጡ ያሞቃል ይላሉ። ቆዳን ያሞቃል እንጂ ገላን አያሞቅም። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋቸው ፊት ይግላል፤ የውስጡ ሙቀት ግን በዚያው በቆዳ በኩል ይወጣል። ለጨዋታ ከሆነ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ለጉንፋን ከሆነ፣ በተለይ የሚያስተኛ የጉንፋን ኪኒን ለወሰደ ሰው፣ አይሆንም። ለልጅማ አንዲት ጠብታም ቢሆን።

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ይላል። ባለፈው ሰንበት ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድሁ። የ4 ወር ሕፃን ትንሽ ትንሽ ያስለዋል። አያቱ የማር ሳህን ይዘው መጡና፣ «በጣቴ ላስልሰው፤ ይለቀዋል» አሉ። ምራታቸው ልጁን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ «እማማ፣ ዓመት ሳይሞላው ማር እንዳይቀምስ ሐኪሟ ነግራኛለች» አለች።

«ታዲያ ባልሽን ያሳደግሁት በምን መሰለሽ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡና የምታፈላው ልጅ እንኳ ማራገቧን ተወች።

አያቲቱ አልዋሹም። በየአገሩ ለተወለደ ልጅ ቅቤም ማርም ማስላስ የኖረ ነው፤ ብዙዎቹም ምንም ሳይሆኑ አድገዋል። በሽታው አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። ነገር ግን ሲያጋጥም ክፉ ነው። ማር ውስጥ ዓይን የማያየው የባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ያሳልፈዋል፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን በቅሎ መርዝ ያመርታል። ሕፃኑ ሆዱ ይደርቃል፣ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ለቅሶው ይሰልላል፣ አንገቱ ይልፈሰፈሳል፤ ሲብስ ትንፋሹን ይይዘዋል። ቦቱሊዝም ይባላል። በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለ ሕፃን ቢያርፍ ማን ማሩን ይጠረጥር ነበር?

«ቢፈላስ?» አሉኝ አያቲቱ ወደ እኔ ዞረው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያ ዘር በ100 ዲግሪ ውኃም በቀላሉ አይሞትም፤ የእኛ 92 ከቶ አያስፈራውም። የማሩ ንጹሕነት፣ የጫካ መሆኑ፣ ከአገር ቤት መምጣቱም አያድንም።

ማሩ ታዲያ አልባከነም። ምራታቸው በአጥሚት ጠጣችው። የሚያጠባ እናት ማር ብትበላ ያ ዘር በጡቷ ወተት አያልፍም። አያቲቱ አጥሚቱን ራሳቸው አማሰሉ፤ ጡቱ ለልጁ ነውና ድካማቸው የሚደርሰው እዚያው ነው።

እስከ 6 ወር ጦስኝም፣ ዳማከሴም፣ ውኃም ሳይቀር አያስፈልግም፤ ጡት ብቻ። ከዚያ እስከ ዓመቱ ምግብ ይጀምራል፣ ማር ግን ገና ነው። ፍሉም ትንሿን ሆድ ሞልቶ ምግቧን ይሻማታል። ዓመት ካለፈው በኋላ ለሚያስለው ልጅ ከመኝታ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር በእርግጥ ይረዳዋል። ሳሉን ቀለል ያደርግለታል፤ ጥርሱን ማጽዳት እንዳይረሳ። ጦስኙን በውኃ አቅጥናችሁ፣ በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ጠብ አድርጋችሁ ሙቀቱን ለክታችሁ ስጡት። ጋቢ ለብሶ የትልቅ ሰው ጭን ላይ የተቀመጠ ልጅና የሚፋጅ ብርጭቆ አብረው አይሂዱ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጤና አዳም ከማፍላት ትቆጠብ፤ ማሕፀን ያነሣሣል። ስኳር ያለባቸው አያቶችም ማር ስኳር መሆኑን አይዘንጉ። ማታ 3 ሰዓት ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሌሊቱን ሙሉ መጸዳጃ ቤት የተመላለሰ ሰውም አውቃለሁ።

ፍል የማይመልሰው ሳል አለ። ልጁ ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ገልጣችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለ ልጅ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ አልጠባም ካለ ወይም ከደነዘዘ ሌሊት ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ገና 2 ወር ያልሞላው ጨቅላ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከተኮሰ ወይም መጥባት ከሰነፈ ቁጥሩን ሳታማክሩ ውጡ። ይህ ቆጠራ ለአያቶች የተሠራ ይመስለኛል፤ እናት ስትደነግጥ እጃቸው የማይንቀጠቀጠው እነሱ ናቸውና።

ማንቆርቆሪያው በከሰል ላይ ከሆነ ምድጃውን ለማሞቂያ ብላችሁ መኝታ ቤት አታስገቡ። ከሰል ጢሱ ባይታይም ገዳይ ጋዝ አለው፤ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃም። የሚበርደው ሰው ካለ የፈላውን ውኃ በጠርሙስ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግሩ ሥር አድርጉለት። የተረፈውን ዝንጅብልና ቀረፋ ጠዋት አንድ ጊዜ ደግማችሁ ማፍላት ትችላላችሁ፤ ጦስኙን ግን አዲስ ጨምሩ።