ለቮልስህ ጉልበት ከመግዛትህ በፊት ያላትን መልስላት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካ አይደለም የምጽፈው፤ ስለ ቮልስ ነው። ቢሆንም የሚቀየመኝ አይጠፋም። ይቀየመኝ።

ሰሞኑን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አንድ ምክር በዝቷል። «ቮልስ ለረጅም መንገድ አትሆንም። የቶዮታ ሞተር ግጠምላት፣ ሰፊ ጎማ አልብሳት፣ ትልቅ ካርቡሬተር ቀይርላት፣ ከዚያ 120 ትበራለች» ይላል። ከሥሩ «ይመችህ!» የሚል ኮሜንት ይደረደራል። እኔ ግን ይሄ ምክር ደሞዝተኛን የሚያደኸይ፣ መንገደኛን የሚገድል ነው እላለሁ። ቮልስን በትንሽ ብር አውራ ጎዳና ላይ ደህና አድርጎ ማስኬድ ይቻላል። የሚቻለው ግን ጉልበት በመጨመር ሳይሆን ፋብሪካው የሰጣትን በመመለስ ነው።

ሒሳቡን እንየው። የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ታገሡኝ። መኪና ሲፈጥን አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበት በፍጥነቱ ኪዩብ ነው የሚያድገው። ከ80 ወደ 100 ስትወጣ ፍጥነትህ በሩብ ጨመረ፤ ለአየሩ የምትከፍለው ጉልበት ግን እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የ1960ዎቹ 1300 ቮልስ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ያውም በባሕር ጠለል። ነቀምት 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል። እና በዚህ ላይ 120 ፍለጋ ምን የሚሉት ነው?

ለመሆኑ የቱ መንገድ ላይ ነው 120 የምትነዳው? ከነቀምት አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሬ፣ ባኮ፣ ጌዶ፣ ጉደር፣ አምቦ፣ ጊንጪ፣ ሆለታ እያልክ ከብቱን፣ አህያውን፣ ባጃጁን፣ ገበያተኛውን አሳልፈህ ነው የምትደርሰው። ቀጥ ባለው ሜዳ የምታተርፋትን ደቂቃ የሚቀጥለው ከተማ ይበላታል። ቮልስ በ75 እና በ80 መካከል ሳትጨነቅ ከሄደች ለዚህ መንገድ በቂ ናት።

ሞተር መቀየሩን እንየው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ኋላ ስታስገባ ራዲያተር ትፈልጋለህ፣ ቱቦ ትፈልጋለህ፣ ክብደት ትጨምራለህ። ሊብሬህ ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርም አይገጥምም፤ ቦሎ ስታሳድስ ታየዋለህ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ፍሬኑ ያው የድሮው ባለ ታምቡር ፍሬን ነው። ለ40 ፈረስ በተሠራ ፍሬን 90 ፈረስ ልታቆም ነው?

አሁን ወደ ርካሹ መንገድ።

አንደኛ፣ ቫልቮላ። ለአብዛኛው 1300 ሞተር ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ነው። በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ይታይ። የጠበበ ቫልቮላ መጀመሪያ ጉልበት ይሰርቅሃል፣ ቀጥሎ ተቃጥሎ ሞተርህን ይዞ ይሄዳል። ፑንቲናውም 0.4 ላይ ይስተካከል፣ ከዚያ ታይሚንጉ ይታይ።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን የከበቡት ቆርቆሮዎች። አንድ ጋራዥ የኔን ቆርቆሮ ፈትቶ «ሞተሩ እንዲተነፍስ ነው» አለኝ። አይተነፍስም! ቮልስ የምትቀዘቅዘው ፋኑ የሚነፋው አየር በነዚያ ቆርቆሮዎች ተመርቶ ሲሊንደሮቹ ላይ ሲደርስ ነው። እነሱ ከሌሉ አየሩ ይበተናል፣ ሞተሩም ከራሱ የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ፋን ቤልቱም አይላላ።

ሦስተኛ፣ ዘይት። የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ያውም ከወንፊት በስተቀር ማጣሪያ የላትም። በ5000 ኪሎ ሜትር ቀይር።

አራተኛ፣ ጎማ። ሰፊ ጎማ መሪ ያከብዳል፣ ነዳጅ ይበላል። ልኩ 165 በ15 ነው። ጎሚስታው አራቱንም እኩል 35 ሲነፋልህ ዝም አትበል። ሞተሯ ኋላ ስለሆነ የፊቱ 20 ገደማ፣ የኋላው 28 ገደማ ይበቃል። ኩርባ ላይ ኋላዋ እንዳያመልጥህ የሚያደርገው ይሄ ልዩነት ነው።

አምስተኛ፣ ፍሬን። አራቱንም አስተካክል፣ የደረቀ ጎሚኒ ቀይር። ሜዳ ላይ በእጅ ስትገፋት ካልተንከባለለች ፍሬኑ ይዟታል ማለት ነው፤ ጉልበትህ እዚያ ነው ያለው።

ስድስተኛው ገንዘብም አይጠይቅም፣ ማርሽ ነው። ከጊዳ ስንነሳ ወደ አንገር ሸለቆ ወርደን፣ ኡኬን አልፈን ወደ ነቀምት እንወጣለን። እዚያ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሰው ለሞተሩ ያዘነ ይመስለዋል። እያቃጠለው ነው! ፋኑን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነው፤ ሞተሩ ሲዘገይ ንፋሱም ይቀንሳል። ቀድመህ ወደ ሦስተኛ መልስ፣ ሞተሩ ይዙር።

«ቀስ የሚል መኪናም እኮ አደጋ ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። አይሱዙው ከኋላህ ሲመጣ በ60 መሀል መንገድ ይዘህ አትንቀርፈፍ። ቦታ ስታገኝ ጠርዝ ያዝና አሳልፈው፣ የኋላ መብራትህ ይሥራ፣ አንጸባራቂ ለጥፍ። ይሄም ቢሆን ከሞተር ቅየራ ጋር ሲነጻጸር የሻይ ዋጋ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምንገበገብ ልንገራችሁ። ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት የሚቀመስ አልሆነም፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። የመምህር ደሞዝ የሚበላ ሰው ያለችውን ቮልስ ከገደላት ሌላ አያገኝም። እኔ እናቴን ነቀምት ለሕክምና የማደርሳት በዚህች መኪና ነው። ለእናቴ 120 ምኗም አይደለም፤ የምትፈልገው በሰላም መድረስ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ያጠራቀምካትን ብር ለቪዲዮ ጭብጨባ አትስጣት። መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ጎማ፣ ከዚያ ቫልቮላና ቆርቆሮ። እነዚህን ሁሉ ጨርሰህ አሁንም ጉልበት ካነሰህ ያኔ ስለ ሞተር እናወራለን።

ባለ ቮልስ ወዳጅ ያላችሁ ሼር አድርጉለት። አልስማማም የምትሉም ኮሜንት ላይ ኑ፤ በቁጥር ግን ሞግቱኝ።