የቆጡና የብብቱ

«ፕሮሰስ» የምትባል ቃል በአበሻ መካከል ትልቅ ሥልጣን አግኝታለች። ናይሮቢ፣ ሀርሊንግሃም አካባቢ ቡና ይዘው ከተቀመጡ ሰዎች መካከል ስለ አንዱ «ምን ይሠራል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ፕሮሰስ ላይ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። የካምፓላው ካባላጋላም ሆነ የአዲስ አበባው ሃያ ሁለት ከዚህ የተለየ መልስ የለውም። ቃሏ በመጣችበት በእንግሊዝኛ አንድ ጉዳይ የሚያልፍበትን ሂደት ብቻ ታመለክታለች፤ አማርኛ ውስጥ ስትገባ ግን የሰው መጠሪያ ሆነች። ሰው አናጢ፣ ነርስ፣ ነጋዴ እንደሚባለው ሁሉ «የፕሮሰስ ሰው» ተብሎ ዓመታት ይቆጥራል፤ በእነዚያ ዓመታት የኖረው ኑሮ ሁሉ እንዳልተኖረ ይታሰባል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ያገቡት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ልማዱ የታወቀ ነው። አሜሪካዊ ዜግነት ያገኘው ወይም ያገኘችው ለሦስት ሳምንት ይመጣሉ፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ መልስ ይጠራል፣ ፎቶግራፍ በብዛት ይነሣል። ከዚያ አንዱ በአውሮፕላን ይመለሳል፤ ሌላው ፕሮሰስ ይጀምራል። በዚህ ማንም አይደነቅም። ሰው የሚደነቀው፣ አንዱ «ቪዛው እስኪመጣ ተለያይተን አንኖርም» ብሎ የዋሽንግተን ወይም የሚኒያፖሊስ ሥራውን ትቶ፣ ናይሮቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ከሚስቱ ጋር ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ዘመድ ይንጫጫል። «አሜሪካን ጥሎ መጣ!» ይባላል። «እዚያው ሆኖ ቢልክላት አይሻልም ነበር?» ይባላል። ይህን ያደረገችው ሴት ከሆነች ደግሞ ሐሜቱ በእጥፍ ይከፋል። በመጨረሻም ተረቱ ይመዘዛል፦ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»

ተረቱ ግሩም ነው፤ የተተረተበት ሰው ግን ሌላ መሆን ነበረበት። ለመሆኑ በብብት ያለው የትኛው ነው? ቆጥ ላይ የተሰቀለውስ? ሚስት በብብት ያለች ናት። ቪዛ ቆጥ ላይ ነው፤ ያውም መሰላሉ በሌላ ሰው እጅ ያለ ቆጥ። በዓመት ሦስት ሳምንት ባል፣ በቀረው ጊዜ ላኪ የሆነ ሰው «ጎበዝ» ሲባል፣ ከሚስቱ ጋር ምሳ የሚበላው ሰው «ሞኝ» የሚባልበት ሚዛን ከየት እንደመጣ ሊጠየቅ ይገባል።

ከሃይማኖት አልመጣም። ከሕግም አልመጣም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት አብረው እንዲኖሩ ይደነግጋል፤ ተለያይተው ለመኖር መስማማት የሚችሉ ቢሆንም መነሻው አብሮነት ነው። ይኸው ሕግ ተጋቢዎች በአካል ተገኝተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ያዛል፤ በውክልና ማግባትን የሚፈቅደው ከባድ ምክንያት ሲኖርና ሲፈቀድ ብቻ ነው። የአሜሪካው የኢሚግሬሽን ሕግ እንኳ፣ ሁለቱ በሥነ ሥርዓቱ ላይ አብረው ያልተገኙበትን ጋብቻ፣ ከዚያ በኋላ በሥጋ ካልተገናኙ በቀር፣ እንደ ጋብቻ አይቆጥረውም። ወረቀት ብቻውን ትዳር እንደማይሆን የዋሽንግተን ሕግ አውጪዎች ሳይቀሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት ለአብሮ ኗሪዎቹ ሳይሆን ፋይሉን ብቻ አቅፎ ለሚያድረው ማዋል ይቀላል።

ይሁንና ይኸው ሕግ በአንድ ቦታ ላይ ራሱን ይቃረናል፤ አብሮ ኗሪዎቹ የሚደናቀፉትም እዚያ ላይ ነው። የቆንስላው ሹም ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ከመኖር የበለጠ ማስረጃ የለም፤ የኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የጎረቤት ምስክርነት ሁሉ ከዚያ ይመነጫሉ። ነገር ግን ያው ሹም፣ ያው ፋይል ላይ፣ አይ-864 የሚባለውን የዋስትና ቅጽ ሲገልጥ ጥያቄውን ይገለብጠዋል፦ አመልካቹ ቋሚ መኖሪያው አሜሪካ ውስጥ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ዋስትናውን በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ውል ሲያደርገው፣ ዋሱ የአገሪቱ ነዋሪ እንዲሆንና ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ እንዲደርስ ደነገገ። በአንድ በኩል «አብራችሁ ኖራችኋል?» ይባላል፤ በሌላ በኩል «ታዲያ ለምን እዚያ አልኖርክም?» ይባላል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ «አዎ» ብሎ መመለስ የሚችለው በሁለት አህጉር የሚያድር ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የመንደር አማካሪው ይገባል። «ገንዘብ ያለው ሌላ ዋስ ፈልግ፣ ያልፋል» ይላል። አያልፍም። ተጨማሪ ዋስ የሚያሟላው የገቢን ጉድለት ነው፤ አመልካቹ ራሱ የመኖሪያውን ጉዳይ ካላሟላ የሌላ ሰው ገቢ፣ ሚሊዮን ቢሆንም፣ አያድነውም። አማካሪው ቀጥሎ «እንግዲያው ስድስት ወር ቀድመህ ሂድና ተቀመጥ» ይላል። ሕጉ ይህንንም አይልም። ዜጋው የትዳር ጓደኛው አገሩ በሚገባበት ቀን ወይም ከዚያ በፊት መኖሪያውን እንደገና እንደሚመሠርት ማሳመን አለበት፤ ይህም ማለት ሁለቱ በአንድ አውሮፕላን ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢሄዱ ሕጉ አይከለክልም ማለት ነው። ማሳመኛው በተግባር የሚታይ ነገር ነው፤ ያልተዘጋ የባንክ ሒሳብ፣ የሚከፈል ግብር፣ የተፈለገ ሥራ፣ የሚያርፉበት ቤት፣ ልጅ ካለ የትምህርት ቤት ምዝገባ። ይህን ባለማወቅ፣ ወይም አማካሪን በማመን፣ ያለ ግዴታ የተለያየው ባልና ሚስት ብዙ ነው።

ሐቁ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ከላይ የተባለው የዜጋው ነገር ነው። ግሪን ካርድ የያዘው ሰው ሚስቱ ዘንድ ሊኖር ቢመጣ ዋጋው ሌላ ነው። ከስድስት ወር በላይ ከወጣ ለዜግነት የሚቆጠርለት ተከታታይ ነዋሪነት እንደተቋረጠ ይገመታል፤ አንድ ዓመት ከደፈነ፣ የመመለሻ ፈቃድ አስቀድሞ ካልያዘ፣ ካርዱ መግቢያ መሆኑ ይቀራል። ፈቃዱም የሚጠየቀው አሜሪካ ውስጥ በአካል ተገኝቶ ነው። በዚያ ላይ የዜጋ ሚስት ኮታ ሳይጠብቃት ስትስተናገድ የእርሱ ሚስት በዓመታዊ ኮታ ተራ ትጠብቃለች። በሌላ አነጋገር ረጅሙን የሚጠብቀው፣ ሄዶ አብሮ መጠበቅ የተከለከለው ራሱ ነው። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ማንም ጣቱን ሊቀስር አይገባም። ሁለት ሥራ ደርቦ የሚሠራውን፣ ከዚህ ወዲያ አባትና እናት የሚጦረውን፣ ገቢው ከ125 በመቶው በታች እንዳይወርድ የሚጠነቀቀውንም እንዲሁ። የእነርሱ መለያየት ግዳጅ ነው። ነቀፌታው ግዳጁን ወስዶ ብልኅነት ብሎ ለሚያስተምረው ነው።

አውሮፓም ከዚህ አልራቀም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ለትዳር ጓደኛ ቪዛ 18,600 ፓውንድ ዓመታዊ ገቢ ጠየቀች፤ በሚያዝያ 2024 ወደ 29,000 አሳደገችው። በውጭ ያለችው ሚስት ናይሮቢ ላይ ምንም ያህል ብትሠራ ደመወዟ ከዚህ አይደመርም። ጀርመን ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ሚስት ወይም ባል ከመግባታቸው በፊት መሠረታዊ ጀርመንኛ እንዲፈተኑ አድርጋለች። ባሏን ለማግኘት የስሞችን ጾታ የምታጠና ሴት ማየት ያስቃል፤ እርሷን ግን አያስቃትም።

«ጥቂት ወር ነው፣ ቻሉት» የሚለው ምክር ከሁሉ የከፋው ነው፤ ጥቂት ወር መሆኑን የሚያውቅ የለምና። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የአሜሪካ ኤምባሲዎች በወረርሽኙ ምክንያት መደበኛ የቪዛ አገልግሎት አቆሙ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ኤርትራውያን በፕሬዚዳንቱ አዋጅ የኢሚግሬሽን ቪዛ ተከልክለው ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በጥር 2021 ነው። በሰኔ 2025 ደግሞ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን በአዲስ አዋጅ ተዘጉ። አዋጁ ሲወጣ ዝምድናቸውን በማያሻማ ማስረጃ የሚያረጋግጡ የዜጋ ሚስትና ባል ተለይተው ነበር፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ግን አልተለየችም። ከዚያም ወዲህ በሩ ጠበበ እንጂ አልሰፋም። ጋብቻውን በ2019 ፈጽሞ «ለጥቂት ወር» የተለያየ ሰው ይህን ሁሉ በስልክ ነው የተካፈለው። የሚጠበቀው ነገር ቀን ከሌለው፣ ቀን እንዳለው አድርጎ ኑሮን ማቆየት ከምን የመጣ ብልኅነት ነው?

ማቆየቱ ደግሞ በሁሉም ነገር ይገባል። አልጋ አይገዛም፤ ይከራያል። ስዋሂሊ አይማሩም፤ «ምን ሊጠቅመን?» ይላሉ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ከገበያተኛዋ ጋር በጣት እያሳዩ ይገዛሉ። ከሁሉ በላይ ግን ልጅ ይቆያል። «ፕሮሰሱን ያበላሽባችኋል» የሚባለው ምክር በቤተ ዘመድ ዘንድ እንደ ሕግ የጸና ነው፤ መሠረት ግን የለውም። ዜጋው ልጁ ከመወለዱ በፊት አሜሪካ ውስጥ አምስት ዓመት፣ ከእነዚህም ሁለቱን ከ14 ዓመት ዕድሜው በኋላ ከኖረ፣ ናይሮቢ ላይ የሚወለደው ልጁ ከልደቱ ጀምሮ አሜሪካዊ ነው፤ ኤምባሲው ልደቱን መዝግቦ ማስረጃ ይሰጠዋል። ያን ያህል ካልኖረ ለልጁ የራሱ ማመልከቻ ይገባለታል፤ ወጪ አለው፣ ጣጣ አለው፤ ትዳሩን ግን አያበላሽም። እንዲያውም ከልጅ የበለጠ የጋብቻ ማስረጃ ምን ሊቀርብ ነው? ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላትን ሴት «ቪዛሽ እስኪደርስ ቆይ» ብሎ የመከረ ዘመድ ቪዛው ሲደርስ የት እንደሚገኝ ቢነገር ጥሩ ነበር።

ጠባቂው ስደተኛ ሲሆን ነገሩ ከአልጋና ከስዋሂሊ ያልፋል። የኬንያ መንግሥት በታኅሣሥ 2012 በከተማ ያሉ ስደተኞች ወደ ካምፕ እንዲገቡ አዘዘ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሐምሌ 2013 ትእዛዙን ሻረው። በሚያዝያ 2014 ግን ፖሊስ ኢስሊን ቤት ለቤት አሰሰ፤ ብዙ ሰው በካሳራኒ ስታዲየም ታጎረ። በዚያ ወር ሌሊት በር ሲንኳኳ፣ ወር በገባ የሚመጣው ሐዋላ ተነሥቶ በሩን አይከፍትም። ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዶ «ሚስቴ ናት» የሚል ሰው ከዶላሩ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ይህን ያዩ የኢስሊ ነዋሪዎች ስለ «አሜሪካን ጥሎ መጣው» ሰው ሲያወሩ ከሌላው ለዘብ ማለታቸው አያስደንቅም።

አብሮ መኖር የራሱ ጣጣ እንዳለው መካድ አይቻልም። የኬንያ የመኖሪያ ፈቃድ በወራት የሚቆጠር ነው፤ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ያስቀጣል። በናይሮቢ ከስድስት ወር በላይ ከተኖረ ከኪያምቡ ሮድ የሚወሰድ የመልካም ሥነ ምግባር ማስረጃ በፋይሉ ላይ ይጨመራል። ባልየው በአሜሪካ ያጠራቀመው ገንዘብ ያልቃል፤ ከባልና ሚስቱ አንዱ ሥራ ፈትቶ ሲውል ጠብ ይበዛል። ኢትዮጵያ መግባት ለሚችሉ መንገዱ ይቀላል፤ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የሚሰጠው፣ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው መታወቂያ ትውልደ ኢትዮጵያዊውን ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ ያኖረዋል፣ ያሠራዋል። መግባት የማይችሉት ግን ብዙ ናቸው፤ ናይሮቢና ካምፓላ የሞሉትም በእነርሱ ነው። ጠቡ፣ የገንዘቡ ማለቅ፣ የጉልበቱ መድከም ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ የባልና የሚስት ችግሮች ናቸው። ተለያይተው የቆዩት ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲገናኙ የሚገጥማቸው ችግር የሁለት እንግዶች ችግር ነው፤ ቪዛ በደረሰ በዓመቱ የፈረሰ ትዳር በየከተማው እየታየ፣ ዘመድ ጥፋቱን ሁልጊዜ በልጅቷ ወይም በአሜሪካ ላይ ሲያላክክ ይሰማል፤ በመካከል ያለፉትን የመለያየት ዓመታት የሚያነሣ አይገኝም።

የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው አበሾች ድምፅ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። በሚኒሶታ፣ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ ተወካዮቻቸው ቢሮ ድረስ ሄደው የቆየ ፋይል ያስጠይቃሉ፤ ይህን ጥሩ አድርገው ተምረዋል። የመኖሪያው ጥያቄ ከትዳር ጓደኛ ጋር በውጭ ለሚኖር ዜጋ ከመግቢያው ቀን በኋላ እንዲጠየቅ ግን ሲጠይቁ አይሰማም። የማይጠይቁት ደግሞ አብዛኞቹ «ሰው ለምን ከሚስቱ ጋር ይኖራል?» የሚለውን ጥያቄ ከሹሙ ቀድመው ስለሚጠይቁ ነው። እስከዚያው ድረስ፣ አብረው ለሚጠብቁት የሚሰጥ አንድ ምክር ካለ ተራ ነገር ነው፦ የቤት ኪራዩ ውል በሁለቱም ስም ይፈረም፤ የመብራቱ ሒሳብ በአንዱ፣ የውሃው በሌላው ስም ይውጣ፤ የአሜሪካው ባንክ አይዘጋ፤ ግብሩ በየዓመቱ ይታወቅ። አልጋውም ይገዛ።