እውነተኛ ሒሳብና የመንግሥት ሥራ ውል

በአውሮፕላን ወደ ጋምቤላ የሚመጣ መንገደኛ በማረፊያው ላይ የሚያየው የላዩን አስፋልት ብቻ ነው፤ ከበታቹ ያለው የጠጠርና የአፈር ንጣፍ በሚገባ የተጠቀጠቀ መሆኑን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። በእንዲህ ያለው ዝናብ በበረታበት አገር የተደበቀ ጉድለት መገለጡ አይቀርም፤ የሚገለጠው ግን ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። የኩባንያም ሒሳብ እንደዚሁ ነው።

ለአውሮፕላን ማረፊያ ወይም ለመንገድ ሥራ የሚጫረት ኩባንያ አቅሙን የሚያስረዳው በሒሳብ መግለጫው ነው። ዳሩ ግን አንዳንዱ ለግብር ሰብሳቢው ኪሳራ፥ ለባንክና ለጨረታ ኮሚቴ ትርፍ የሚያሳይ ሁለት መዝገብ መያዙ በአገራችን የታወቀ ነው። በሐሰት አቅም ሥራ የወሰደ ሰውም ገንዘብ ሲያጥረው ሥራውን ከመንገድ ላይ ይተወዋል።

በ2009 ዓ.ም. አካባቢ በጋምቤላ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ በተደረገው የመንግሥት ጥናት፥ የአንዱ ባለሀብት መሬት በሌላው ላይ ተደራርቦ መገኘቱና ብዙ የልማት ባንክ ብድር ከታሰበለት ልማት አለመድረሱ ተገልጦአል። ነገሩ የብድር እንጂ የጨረታ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ መንግሥት ወረቀቱን መመርመር የሚገባው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ነው።

በአሜሪካ ወርልድኮም የተባለው የስልክ ኩባንያ ወጪውን እንደ ሀብት ጽፎ ትርፉን ማጋነኑ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ታወቀ፥ በ2003 አዲስ የመንግሥት ውል እንዳይቀበል ታገደ፤ የሒሳብ ሥርዓቱን ካቃና በኋላም በ2004 እገዳው ተነሣለት።

በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ተደንግጎ፥ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ቆሞአል። ይህ ሕግ ከጨረታው ጋራ በጽኑ መያያዝ ይገባዋል። የጨረታ ኮሚቴ የቀረበለትን መግለጫ በግብር መሥሪያ ቤትና በቦርዱ ዘንድ ካለው ጋራ ያስተያይ፤ ልዩነት ቢገኝ ኩባንያው ቀርቦ ያስረዳ፤ ሕግ የፈቀደው ልዩነት ከሆነ ይለፍ፤ ማስረዳት ያልቻለው ግን መዝገቡን እስኪያቃና ከመንግሥት ሥራ ይራቅ።

ይህ የክልሉን ትንንሽ ሥራ ተቋራጮች ይጎዳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የሚጠየቀው ግን የሀብት ብዛት ሳይሆን የቃል እውነት ነው፤ ያጋነነው እንዲያሸንፍ ቢተው ግን አስቀድሞ የሚጎዳው ትንሹንና እውነቱን የጻፈውን ነው።

በገበያ ሐሰተኛ ሚዛን የያዘ ነውረኛ ከሆነ፥ በመዝገብ ሐሰተኛ ቍጥር የጻፈ ከእርሱ አያንስም። ይህን የሚመረምር ሹምም የሚጠብቀው የሕዝብን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በማረፊያው ላይ የሚወርደውን የሰው ሕይወት ጭምር ነው።